እናት በማለዳ ካልቀለደች

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ቀጨኔ አካባቢ ገና ድንግዝግዝ ብሏል። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ጸሎት ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየዘለለ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ በጸሎቱ የማይስማሙት ውሾች ብቻ ናቸው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰባውን የተሻገሩ እናት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመዋል። በእጃቸው ያለችው ውዳሴ ማርያም ጠርዟ አልቆ በፕላስተር ተለጥፋለች። መነጽር አላደረጉም። ጸሎቱን በቃላቸው ስለሚወጡት መጽሐፏን የሚይዙት ለወጉ ያህል ነው።

ጸሎቱ ሲያልቅ የስም ጥሪው ይጀመራል። ልጆቻቸውን በክርስትና ስማቸው አንድ በአንድ ያነሣሉ፦ አሜሪካ ያለውን፣ ሪያድ ያለችውን፣ አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖረውን፣ ከዚያም የልጅ ልጆቹን። የሪያዷ ላይ ሲደርሱ ቆየት ይላሉ፤ የእሷ ጉዳይ ብዙ ነው።

ከዚያ ስልኩ ይነሣል። መስታወቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ ልጃቸው አዲስ ሲገዛ የተወላቸው ስልክ ነው። የልጅ ልጃቸው የማይክራፎኑን ምልክት እያሳየች፣ ጨርሰው እስኪናገሩ ጣታቸውን እንዳያነሡ አስተምራቸዋለች። እሳቸውም ስልኩን አፋቸው ድረስ አስጠግተው «ሃሎ! ሃሎ!» ይላሉ። በዚያኛው ጫፍ የሚመልስ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ሰው ሳይጠሩ ወሬ መጀመር ግን ነውር ነው።

«ልጄ፣ እንደምን አደርክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ይጠብቅህ። የጎረቤታችን ልጅ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ገንፎውን ትናንት በላን። ሽንኩርት እንደገና ተወደደ። ደግሞ ባለፈው በቪዲዮ ሳይህ ሆድህ ካንተ ቀድሞ ሰላም አለኝ፤ ጾሙ አሜሪካ አልደረሰም እንዴ? በል፣ መውጣት መግባትህን ይባርክልህ።»

እንዲህ ያሉ እናቶች አንድ ወይም ሁለት አይደሉም። አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጎንደርም፣ ሐዋሳም ሞልተዋል። መልእክታቸውም ማንም ሳያስተምራቸው አንድ ዓይነት መልክ ይዟል፦ በመጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ የዕለቱ ታቦት፣ ከዚያ የቤትና የሰፈር ወሬ፣ በመጨረሻም ቀልድና ምርቃት። ምስጋናውና ምርቃቱ ቋሚ ናቸው፤ ወሬው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል። ልጆቹ ጆሯቸውን አቁመው የሚጠብቁት ግን ቀልዱን ነው። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

የማለዳው ጸሎት ከስልኩ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀንና ሌሊቱ በ7 የጸሎት ጊዜያት የተከፈለ ሲሆን የጠዋቱ ጸሎት ነግህ ይባላል። ውዳሴ ማርያምም ለሳምንቱ 7 ቀናት በ7 ተከፍሎ ስለተዘጋጀ፣ የሰኞውን ማክሰኞ የሚደግም የለም። ትውፊቱ ድርሰቱን የ4ኛው መቶ ዘመን ሰው ለሆነው ለሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም ይሰጣል። ብዙ ምእመናን ጸሎት ሳያደርሱ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ረቡዕና ዓርብማ ቁርስ የሚባል ነገር አይታሰብም። እናቶች ይህን ያውቁና ረቡዕ ጠዋት «ቁርስ በላህ?» ብለው ወጥመድ ያስቀምጣሉ። «አዎ» ያለ ልጅ የሳምንቱ መቀለጃ ሆነ ማለት ነው።

በክርስትና ስም መጸለይም የራሱ ወግ አለው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚሰጠው ስም መታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውም የለም። ብዙ ሰው የገዛ ጓደኛውን የክርስትና ስም ሳያውቅ ይኖራል። እናት ግን በየማለዳው ትጠራዋለች። ቨርጂኒያ ውስጥ አለቃውም፣ ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም ስሙን አሳጥረው የሚጠሩት ሰው ሙሉ የክርስትና ስሙ በየቀኑ የሚጠራው ቀጨኔ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

የዕለቱ ታቦት ነገርም እንዲሁ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን ነው። ሳዑዲ ያለች ልጅ ደግሞ በአሠሪዎቿ ቤት የሂጅራው ቀን ይጨመርባታል። ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም መሆኑን ማን ያስታውሳታል? የእናቷ መልእክት ነዋ። አንዳንዶቹ የአገራቸውን ቀን መቁጠሪያ የሚከታተሉት በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለውም ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰውየው ባያየውም ራሱ መጥቶ ይናገራል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ነገሩን የሚያወሳስበው እሱ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ሲል ዋሽንግተን በበጋዋ ገና ያለፈው ቀን ምሽት 5 ሰዓት ላይ ነች። የእናት «እንደምን አደርክ» ልጁ ሊተኛ ሲል ይደርሳል ማለት ነው። ሎስ አንጀለስ ላለው እንዲያውም እራት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ብዙዎች መልእክቱን ሳይከፍቱ ያሳድሩትና ሲነጋላቸው፣ ወደ ሥራ ሲነዱ፣ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ይሰሙታል። መልሱንም እዚያው መሪ ጨብጠው ይልካሉ።

መልሱ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡናው ቢያንስ አቦል ላይ ደርሷል። እናት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መካከል ላይ ያስቀምጡታል። ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት በ6 ሰው ይደመጣል፣ ይተረጎማል፣ ይገመገማል። «ድምፁ ከስቷል» ትላለች አንዷ። «ጉንፋን ነው» ትላለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ «የሚስት ያለህ የሚል ድምፅ ነው» ስትል ሳቁ ይፈነዳል። ቶናው ሲቀዳ ለልጁ ሚስት መፈለግ ተጀምሯል፤ በረካ ላይ የእጩዋ ቤተሰብ ተጠንቷል። ልጁ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ የሆነውን ነገር በማግሥቱ መልእክት ይሰማዋል።

ይህ ልማድ ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ አሜሪካ የወጡ ሰዎች ቤተሰቦች ካሴት ይልኩ ነበር። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ቤተሰቡ በየተራ ይናገራል፤ ሕፃን ይለቅሳል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ አያት ማን እንደሚሰማቸው ግራ ገብቷቸው ይመርቃሉ። ካሴቱ መንገደኛ ተፈልጎ በሰው እጅ ይላካል። ደርሶ መልስ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። በየስደት አገሩ ያ ካሴት ስንት ጊዜ እየተጠቀለለ እንደተሰማ የሚያውቀው ሰሚው ብቻ ነው። ደብዳቤውም ቢሆን በሰላምታና በምስጋና ይከፈት፣ የዘመድ አዝማዱን ሰላምታ በስም በስም እየዘረዘረ ወረቀቱን ይሞላ ነበር።

ሃይማኖትንና ወሬን በአንድ ማዕድ የማቅረቡን ሥራ ሬዲዮም ሞክሮታል። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያው አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ወደ አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ያስተላልፍ ነበር። የሚገርመው የዝግጅቱ ድርሻ ነው፦ በቀጥታ ስብከት የሚባለው 30 ከመቶው ብቻ ሲሆን የቀረው 70 ከመቶ ለዜና፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለልዩ ልዩ ትምህርት የተመደበ ነበር። አሰናጆቹ ሰው ነፍሱን ብቻ ይዞ ከእንቅልፉ እንደማይነሣ ገብቷቸዋል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ከዚያም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ስብከቱ አልቀረም ማለት ይቻላል፤ ሰባኪው ነው የተለወጠው።

በወንጌላውያን አማኞች ቤት ማለዳው ሌላ መልክ ቢኖረውም ይዘቱ ይመሳሰላል። የጥሞና ጊዜ አለ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ይከፈታል፣ ማስታወሻ ደብተሩ ከጎን ይቀመጣል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ የማለዳ ጸሎት በዙምና በቴሌግራም ሲካሄድ አንዱ ከአዳማ፣ ሌላው ከፍራንክፈርት፣ ሦስተኛው ከሲያትል ይገባል። የቤተሰቡ ዜና እዚያ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ይቀርባል፦ የእገሌ ልጅ ፈተና አለባት፣ የእገሌ ቪዛ ዘግይቷል፣ እትዬ እገሊት ነገ ቀዶ ሕክምና አለባቸው። ከሲያትል የገባው ለእሱ ማምሻ ስለሆነ እያዛጋ «አሜን» ይላል። ማይክራፎኑን ማጥፋት የረሳ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይታጣም፤ በጸሎቱ መሀል «ሻዩ ፈላ!» የሚል ድምፅ ከአንዱ ወጥ ቤት ይሰማል፤ ሳቃቸውን የሚታገሉ ሰዎችም ዓይናቸውን ይበልጥ ይጨፍናሉ።

ሪያድ ላለችው ልጅ ነገሩ ከሁሉም ይከብዳል። ሰዓቱስ ችግር የለውም፤ ሪያድና አዲስ አበባ በሰዓት አይለያዩም። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያን የለም። ኩዌት፣ ባሕሬን፣ ኳታርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለክርስቲያኖች የአምልኮ ቦታ ሲፈቅዱ፣ ሳዑዲ ያለች ክርስቲያን የቤት ሠራተኛ ጸሎቷን የምታደርሰው በክፍሏ፣ ለብቻዋ ነው። በአንድ ጆሮዋ የምታደርጋት ማዳመጫ ቅዳሴዋም፣ መዝሙሯም፣ እናቷም ነች። የልጆቹን የትምህርት ቤት ምሳ እያዘጋጀች፣ ሌላው ጆሮዋ የመዳምን ጥሪ እየጠበቀ፣ እናቷ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያማርሩ ትሰማለች። «መዳምን እንዳልቀሰቅስብሽ ድምፄን ቀንሺው» ይላሉ እናት፤ ይህንንም የሚሉት ጮክ ብለው ነው። ስልክ የሚከለክሉ ቤቶችም አሉ። እዚያ ያለች ልጅ መልስ ሳትልክ ቀናት ሲያልፉ ቀጨኔ ያለው የስም ጥሪ ይረዝማል።

ልጆቹ ቀልዱን በጉጉት የሚጠብቁበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ለራቀ ሰው ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነግርም። ታሞ ተኝቶ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ቤቱ ሐዘን ተቀምጦ «ሁላችንም ሰላም ነን» ይባላል። ሞት ሲሆን ደግሞ የታወቀ ሥርዓት አለው። መርዶ በአብዛኛው የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ከዋዜማው ተነጋግረው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ሳይነጋ ደጁን ያንኳኳሉ። ወሬውን መንገድ ላይ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው፣ ሲሰማም የሚደግፈው ሰው ከጎኑ እንዲኖር ነው። ሲያትልም ሆነ ስቶክሆልም ይኸው ሥርዓት አለ። አገር ቤት ያሉት ለልጁ አይደውሉም፤ ለጓደኛው ወይም ለነፍስ አባቱ ይደውላሉ። ከዚያ 4 ወይም 5 መኪና ሰው ሥራውን አስፈቅዶ በጠዋት አፓርታማው ሥር ይሰበሰባል። በሩ ላይ ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ያየ ሰው የሚነገረው ነገር አያስፈልገውም።

ፌስቡክ ይህን ሥርዓት ክፉኛ ጎድቶታል። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሳያጣፉ አንዱ ችኩል ዘመድ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል፤ ልጅየው ባቡር ውስጥ ያየዋል። ይህ የዘመኑ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም። ሐዘንተኛ በመንገድ ላይ ብቻውን እንዳይወድቅ ስንት ትውልድ የተጠነቀቀበትን ነገር በአንድ ጣት ማፍረስ ጭካኔ ነው።

እንግዲህ «ደኅና ነን» የሚለው ቃል በሰላሙም በመከራውም የሚባል ከሆነ፣ ሩቅ ያለ ልጅ እውነቱን በምን ይለየዋል? በቀልዱ ነው። እናት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ያደሩ ቀን ምስጋናውን ይላሉ፣ ምርቃቱንም አይተዉም፤ ሆድህ ቀደመህ ለማለት ግን አንጀታቸው አይችልም። መልእክቱ አጭር፣ ደረቅ፣ ከወትሮው ይልቅ መንፈሳዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ ወደ እናቱ አይደውልም። ወደ እኅቱ ይደውልና «ምን ደበቃችሁኝ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የተደበቀ ነገር ይገኛል።

ሃይማኖትና ቀልድ ተኳርፈው አያውቁም፤ ለዚህ አለቃ ገብረ ሃና ሁነኛ ምስክር ናቸው። የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ የነበሩት የፎገራው ሰው ዛሬ የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ በቤተ ክህነት ግን ትልቅ ስም ያተረፉት በአቋቋም ነው። የጣና ደንገል በማዕበል ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንደፈጠሩ፣ ልጃቸው ተክሌም እንዳስፋፋው ይነገራል፤ ስልቱም በልጁ ስም ተክሌ አቋቋም ተብሎ እስከ ዛሬ ይዘመማል። ስለ ማለዳ ሰላምታ ከሚነገሩት ቀልዶች አንዱም የእሳቸው ነው፤ ወይም በእሳቸው ላይ የተሠራ ነው። አህያ እየነዱ የሚሄዱ ሴቶችን አግኝተው «እንደምን አደራችሁ፣ የአህያ እናቶች?» ሲሏቸው፣ ሴቶቹ ሳያመነቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን!» ብለው መለሱላቸው ይባላል። ምስጋናውም ቀልዱም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። የቀጨኔዋ እናት የዚያ ዘመን ሴቶች የልጅ ልጅ መሆናቸውን ለማወቅ የዘር ሐረግ መቁጠር አያሻም።

የማለዳውን ልማድ አሁን እያበላሸው ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የጽጌረዳ ሥዕል። ጠዋት ጠዋት ስልኮች የሚያብረቀርቅ መስቀል፣ ጭሱ የሚንቀሳቀስ የቡና ስኒ፣ «ይህን ለ12 ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል ማስፈራሪያ ይጎርፍባቸዋል። ላኪው ማን እንደሠራው አያውቀውም፤ ተቀባዩም አይከፍተውም። የስልኩን ሆድ ሞልቶ የእናት ድምፅ የሚቀመጥበት ቦታ ያሳጣል። በረከትን በማስፈራሪያ ማደል ከየትኛው መጽሐፍ እንደተገኘም የሚነግር የለም። ከመቶ ጽጌረዳ አንድ «ሽንኩርት ተወደደ» ይሻላል፤ ሽንኩርት መወደዱን የሚናገር ሰው ገበያ ወጥቶ ተመልሷል፣ በእግሩ ሄዷል፣ ተከራክሯል፣ ደኅና ነው።

ደግሞ ልጆችም መልስ ይላኩ። አውራ ጣት ብቻ ቡና ላይ አይደመጥም፤ ጎረቤትም የሚተረጉመው ነገር ያጣል። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ምን በላህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን አሳቀህ። ጉንፋን ቢኖርም ይነገር፤ መድኃኒቱን ቡናው ላይ ያሉት ያዙታል።

በመጨረሻ አሜሪካ ላሉ አንባቢያን አንድ ማሳሰቢያ አለ። በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ የአሜሪካ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ ክረምቱን ሙሉ ዋሽንግተን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲደርስ የነበረው የእናት መልእክት ያን ምሽት 5 ሰዓት ላይ ይመጣል። ቢዘገይ አይደንግጡ፤ ወደ እኅትዎም አይደውሉ። እናትዎ በሰዓታቸው ተነሥተዋል፤ የተለወጠው የእርስዎ ሰዓት ነው።